የጋሽ መኩሪያ መያዣ

የግድግዳ ሰዓታችን ደወሏን ከመምታቷ በፊት፣ ሽማግሌ ሰው ሊናገር ሲል ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ያለ ድምፅ ነበራት፤ «ክርርር» ብላ ትነሣና ጥቂት ታመነታለች፣ ደወሉ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ድምፅ ሰዓቷ ከቆመች ወዲህ ሳልሰማው ከርሜ፣ ዘንድሮ በሰንጋ ተራው የልጄ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ የቀትር ጸሎቴን ሳደርስ ከግድግዳው ላይ ድንገት ተነሣብኝ። ሁለቱም ጠቋሚዎች አሥራ ሁለት ላይ ተደራርበው ቆመዋል፤ ደወሉ ግን ስድስት መታ። የልጅ ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ «እማማ፣ ይሄ ሰዓት ተበላሽቷል እንዴ?» አለችኝ። አልተበላሸም ብዬ ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ካዛንቺስ የነበረው የአባቴ ቤት ከነሰዎቹና ከነጥርጣሬው ተመልሶ ፊቴ ቆመ።

አባቴ በሰፈራችን ደብር የሚያገለግል መርጌታ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔን ጽጌን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ፣ ከፊደል አንሥቶ እስከ ባሕረ ሐሳብ አስተምሮኝ ነበርና፣ አጽዋማትንና በዓላትን በጣቴ አንጓ ቆጥሬ ማውጣት የቻልኩት የሰዓት ጠቋሚ ማንበብ ከመቻሌ በፊት ነው። በግድግዳችን ላይ የተሰቀለችው ሰዓት የእናቴ አባት ቅርስ ነበረች። አያቴ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ኖሮ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ አለቃው ትቶለት የሄዳት፣ ቤቷ ከጥቁር እንጨት የተሠራ፣ ከመስተዋቷ በስተኋላ ዥዋዥዌዋ ወዲያና ወዲህ የሚል ሰዓት ናት። ባቡሩ የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ስለነበር አያቴ ጠቋሚዎቹን እንደ ጣቢያው ተዋቸው፤ ደወሉን ግን ሰዓት ሠሪ አምጥቶ በአበሻ ቁጥር እንዲመታ አስደረገ። «ዓይን ለእንጀራ ያያል፣ ጆሮ ለነፍስ ይሰማል» ይል ነበር አሉ። ስለዚህ ጠቋሚዎቹ አሥራ ሁለት ሲሉ ደወሉ ስድስት፣ ጠቋሚዎቹ ሦስት ሲሉ ደወሉ ዘጠኝ ይል ነበር። በቤታችን ወደ ጠቋሚዎቹ የሚመለከት አልነበረም፤ የምንጸልየውም የምንጾመውም በደወሉ ነበር፤ በጾም ወራት ማዕድ የሚቀርበው ዘጠኙ ተቆጥሮ ሲያበቃ ነበር። እኔም በልጅነቴ የዓለም ሰዓት ሁሉ እንዲሁ ፊቱ ሌላ አፉ ሌላ ይመስለኝ ነበር።

የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛው ጋር ትኖር ነበር። ከአባቷ የቀረላት ነገር ያቺ ሰዓት ብቻ ስለነበረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጠላዋ ጫፍ መስተዋቷን እየወለወለች እንደ ሰው ታነጋግራት ነበር። እትዬ ዘነበች ጾሟንና ስግደቷን የማታጓድል ሴት ነበረች፤ ነገር ግን የሰው ደግነት ሲበዛ ትፈራ ነበር።

በጋ ሲገባ፣ የአስፋልቱ ዳር ባሕር ዛፎች ቅጠላቸውን ሲያረግፉ፣ ጋሽ መኩሪያ ወደ ቤታችን መምጣት አዘወተሩ። ጋሽ መኩሪያ ከእኛ ዝቅ ብሎ ካሉት ጣልያን ሠራሽ ቤቶች በአንዱ፣ እናቷ ከሞተችባት ከትንሿ ልጃቸው ከእመቤት ጋር የሚኖሩ፣ አሮጌ ሰዓት የሚሰበስቡና የሚገምቱ ሰው ነበሩ። የአገር ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የቀረውን ሰዓት በሻሽ ጠቅልሎ እየወሰደ «ምን ያወጣል?» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ከፍተው፣ አጉልቶ የሚያሳየውን መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው አይተው፣ የሚያወጣውን ይነግሩት ነበር። በመስኮታቸው ሥር ያለፈ ሰው የሰዓቱ ብዛት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሆኖ ይሰማው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ቀትር ሲቃረብ መጥቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በእኛ ሰዓት ሥር የሚቀመጠው። ሻይ ይቀርብላቸው ነበር፣ ስለ ዝናብ ስለ ገበያ ያወሩ ነበር፤ ደወሉ ሊመታ ሲል ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ይደፉና፣ ስድስቱ ሲያልቅ አንድ ነገር እንዳመመው ሰው ፊታቸውን ቋጥረው፣ አመስግነው ይሄዱ ነበር።

«ቤቱ ሙሉ ሰዓት ያለው ሰው፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለመስማት እኛ ቤት ይመጣል?» አለች እትዬ ዘነበች።

«ተዪ እንግዲህ እቴ፣ ጎረቤት ነው» አለች እናቴ።

«ድመትም ለወተቱ ጎረቤት ናት።»

አባቴ ሁለቱንም በዓይኑ ገሠጸና ወደ ጸሎቱ ተመለሰ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ መኩሪያ ሲገቡ ወንበሩን ከሰዓቷ ትንሽ ራቅ አድርጎ ያስቀምጥላቸው እንደነበር እኔ አይቻለሁ። ለምን እንደሚመጡ ግን የጠየቃቸው አልነበረም፤ ይሉኝታ የሚሉት ነገር በቤታችን ከአባወራው በላይ ነበርና።

ፋሲካ አልፎ ግንቦት ሲሞቅ፣ እትዬ ዘነበች ሻዩን ይዛ ቀርባ በፈገግታ «እንዲያው አቶ መኩሪያ፣ ይቺ የአባቴ ሰዓት በእርስዎ ግምት ምን ታወጣለች?» አለቻቸው።

«እውነቱን ልንገርዎት እትዬ» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ «እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው፤ የእሷ ዋጋ አባትዎ ናቸው።»

ደጁን እንደወጡ እትዬ ዘነበች ወደ እናቴ ዞራ «ሰማሽልኝ? ሰንጋ ተራ በሬ ሊገዛ የሄደ ሰው ቀንዱ ጎባጣ ነው ሳይል ውሎ ያውቃል?» አለች። እውነት ለመናገር ነገሯ ለእኔም ገባኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጋሽ መኩሪያ ራሴን ሲዳብሱኝ እንኳ ዓይኔ እጃቸውን ይከተል ነበር።

ክረምቱ በዚያ ዓመት ብርቱ ሆነና እርጥበቱ ግድግዳችንን ዘልቆ ገባ፤ አንድ ቀን ሰዓቷ «ክርርር» ብላ ጀምራ ደወሉን ሳትመታ ቆመች። ጋሽ መኩሪያ ከነጃንጥላቸው መጥተው ከፍተው አዩና «መርጌታ፣ እርጥበቱ ገብቷት ነው። ጥቂት ቀን ቢሰጡኝ አጽድቼ፣ ዘይት ቀብቼ አመጣታለሁ» አሉ። አባቴ ሊመልስ ሲል እትዬ ዘነበች ከመጋረጃው በስተኋላ ሆና «እህ፣ እህ» ብላ ሳለች፤ ሳሏ የጉንፋን እንዳልነበረ ሁሉም ዐወቀ። ጋሽ መኩሪያም ዐወቁ። ፊታቸው ጥቂት ቀላ፤ ከሰደርያቸው ኪስ ሰንሰለት ያላት የኪስ ሰዓት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ኧረ ምን በወጣዎት ጋሽ መኩሪያ!» አለ አባቴ ደንግጦ።

«ግድ የለም መርጌታ፣ ደግ ነው። ይቺ የአባቴ ናት። የእናንተዋ ስትመጣ የእኔዋ ትሄዳለች።»

አባቴ «በአደራ ያለ ነገር ቆሞ አይጠብቅም» ብሎ የኪስ ሰዓቷን ጠዋት ጠዋት ከጸሎቱ በኋላ ይሞላት ነበር። እትዬ ዘነበች ግን እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መስኮቱ ዘንድ ወስዳ በቀሚሷ እያሸች ታያት ነበር። «ናስ ነው። ወርቅ ቢሆን እንደ ቆሎ ከኪሱ ዘግኖ ይሰጥ ነበር? አንጥረኛ ይየው።» አባቴ ይህን በሰማ ጊዜ በቁጣ «አደራ አይመዘንም!» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰዓቷን ከራስጌው አኖራት።

ሰዓታችን የተመለሰችው በፍልሰታ ጾም ነው። ጋሽ መኩሪያ በጋቢ ጠቅልለው ዝናብ ሳያስነኳት አምጥተው፣ ሰቅለው፣ ደስ ብሏቸው «ከእንግዲህ አትሳሳትም» አሉና፣ እመቤት ብቻዋን ናት ብለው ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። አባቴ መያዣውን ሊመልስ ሲከተላቸው ዝናቡ ከለከለው። እንጨቷ እንደ አዲስ ያበራል፣ ጉሮሮዋም ጠርቷል። ማዕዱ ተሸፍኖ ቀርቦ፣ ሁላችንም እጃችንን ታጥበን ዘጠኙን እንጠብቅ ጀመር። መታች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እትዬ ዘነበች አራተኛ ጣቷን ዘርግታ ጠበቀች።

«ቀጥይ እንጂ!» አለቻት ሰዓቷን።

ሰዓቷ አልቀጠለችም። በማግሥቱም በቀትር አሥራ ሁለት መታች፣ ጀንበር አናታችን ላይ ሳለች። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አገልድማ መሬት ላይ ተቀመጠችና «ይቺ የአባቴ ሰዓት አይደለችም። ለውጧታል» አለች።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ ቁልቁል ወርዶ «ጋሽ መኩሪያ፣ ደወሉ ምን ሆነ?» ቢላቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ነገር ግን ሰውን ሌባ ብሎ መጠርጠር እንጂ ሌባ ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነበር። ስለዚህ ዝም አልን፤ ዝምታችን ግን እግር አወጣ። እናቴ ለማኅበርተኛዋ በምሥጢር ነገረች፣ ማኅበርተኛዋም ለሌላዋ። ሰዓታቸውን ለግምት የሰጡ ሰዎች ገና ሳይገመትላቸው እየመጡ ይወስዱ ጀመር። የሰፈር ልጆችም እመቤትን ሱቅ ስትላክ ከኋላዋ እየተከተሉ «ቲክ ታክ፣ ቲክ ታክ፣ የሰዓት ሌባ ልጅ!» ይሏት ነበር። አንድ ቀን የያዘችውን ስኳር ጭቃ ላይ ጥላ ስትሮጥ ያየኋት ጊዜ፣ አዘንኩላት፤ ነገር ግን የሌባ ልጅ አባቷን ባትመስል ማንን ትመስላለች ብዬም ዐሰብኩ፤ እንዲህ ነበር ቤታችን ያስተማረኝ።

ነሐሴ ሳይወጣ ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው ሽማግሌ ላኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከጋሽ መኩሪያ ጋር ቤታችን ገብተው በሰዓቷ ሥር ተቀመጡ።

«መርጌታ፣ ቃልዎን ይስጡን» አሉ ከመካከላቸው ታላቁ።

አባቴ «ሰውየውን ሌባ አልልም። ሰዓቴ ግን አልመጣችም» አለ።

ጋሽ መኩሪያ ከወንበራቸው ተነሡ። «መርጌታ፣ የእርስዎ ቃል በዚህ ሰፈር መቃብሬ ድረስ ይከተለኛል፤ ልጄንም ይከተላታል። ምኗ ነው የተለወጠው?»

«አፏ!» አለች እትዬ ዘነበች ከመጋረጃው ኋላ። «በቀትር አሥራ ሁለት የምትል ሰዓት ምን ዓይነት ናት? ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት ስንት ነው?»

«በፊት ስንት ትል ነበር?»

«ስድስት ነዋ!»

ጋሽ መኩሪያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ የኔ ነገር! ስሕተቷ እያመላለሰኝ በጋውን ሙሉ እዚህ ስቀመጥ፣ ጠቋሚው አሥራ ሁለት ሲል ያን ስድስት ስሰማ ተነሥቼ ልከፍታት ይቃጣኝ ነበር። ልንገራቸው እልና፣ ስሕተቷን የማያውቁ እንደሆነ አሳፍራቸዋለሁ ብዬ ዝም እላለሁ። ታማለች ብዬ ነው እኮ ያዳንኳት!» አሉና መስተዋቷን ከፍተው፣ ጣታቸውን አስገብተው በውስጧ ያለችውን፣ የደወሉን ቁጥር የምታስኬደውን ቀጭን ምላስ ወደ ላይ አነሧት። ጠቋሚዎቹ ሳይነቃነቁ ደወሉ ብቻውን አንድ መታ። ደግመው አነሡ፤ ሁለት መታ። ሦስት። አራት። አምስት። ሽማግሌዎቹ በጣታቸው ስድስቱን ቆጠሩ። ጠቋሚዎቹ አሥራ ሁለት ላይ ነበሩ። «ይኸው ሰዓታችሁ» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

አባቴ ተነሥቶ ወደ ግቢው ወጣ፤ ከአጥሩ ሥር ዝናብ ያራሰውን ድንጋይ አንሥቶ፣ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ በራፉ ላይ ቆመ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሽ መኩሪያ። በእግዚአብሔር ስም ይቅር ይበሉኝ።» ጋሽ መኩሪያ ሮጠው «ያውርዱት መርጌታ፣ ያውርዱት! እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» እያሉ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ እናቴ አለቀሰች። አባቴም ከራስጌው የኪስ ሰዓቷን አምጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። እትዬ ዘነበች ያን ጊዜ ነው፣ ጮክ ሳትል፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ ነገር ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ የተናገረችው።

«ይቺን ስድስት ማስባል የሚችል እጅ፣ ሌላዋን ስድስት ማስባል ያቅተዋል?»

የተዘረጋው የጋሽ መኩሪያ እጅ አየር ላይ ቀረ። አባቴን አዩት፤ አባቴም ዓይኑን ሰበረ። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱና «ትቀመጥ መርጌታ» አሉ። «መያዣነቷ አላለቀም። ልባችሁ እስኪጠራ ድረስ ትቀመጥ።»

መስከረም በጠባ ቁጥር፣ አደይ አበባው በየግቢው ሲፈነዳ፣ አባቴ ነጭ ለብሶ፣ የኪስ ሰዓቷን በመሐረብ ቋጥሮ፣ እኔን አስከትሎ ወደ ጋሽ መኩሪያ ቤት ይወርድ ነበር። እሳቸውም በክብር ተቀብለውት፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባብለው፣ በስተመጨረሻ «ልባችሁ ጠራ ወይ?» ይሉት ነበር። አዎ የምትል አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። አባቴ ግን የማያውቀውን ዐውቃለሁ የማይል ሰው ነበርና «የእኔ እየጠራ ነው» ይል ነበር።

«የቤትዎስ?»

አባቴ መሐረቡን መልሶ ይቋጥር ነበር። ሽቅብ ስንመለስ፣ እጄን የያዘው እጁ ይከብደኝ ነበር። ቤት ገብቶም «ዘነቡ፣ ልብሽ ጠራ?» ሲላት እትዬ ዘነበች «እየሞከርኩ ነው መርጌታ» ትለው ነበር፤ መሞከሯም እውነት ነበር፤ ሰዓቷን በነጠላዋ ስትወለውል ግን እንደ ቀድሞው አታነጋግራትም ነበር። እኔም የቀለም ትምህርቴን አጥንቼ ቀና ስል ያን ጥቁር እንጨት አተኩሬ እያየሁ «አንቺ ማነሽ?» እላት ነበር፣ በልቤ።

ዓመታት አልፈው ጋሽ መኩሪያ ዐረፉ፤ ፍትሐታቸውን የመራው አባቴ ነበር፣ ከመካከል ሲደርስ ግን ለጓደኛው ተወለት። እመቤትም ወደ ዘመዶቿ ሄደች። እትዬ ዘነበችም በተራዋ፣ ፊቷን ወደ ሰዓቷ አዙራ ዐረፈች። አባቴ ሲደክም የኪስ ሰዓቷን እጄ ላይ አድርጎ «ጽጌ፣ ሙያት። አትመዝኛት። ልብሽ ሲጠራ ለእመቤት መልሻት» አለኝ። ስሞላት ኖርኩ፤ ልቤ ግን አልጠራም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰዓቷም ከግድግዳዋ ወረደች፤ በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ሰንጋ ተራ አመጣኋት፣ መንገዱ አናውጿት ቆማ ነበር። ልጄ በለገሃር በኩል የጥንት ዕቃ የሚጠግንና የሚገምት ወጣት ጠራልኝ። ወጣቱ ፈታትቶ፣ ዘይት ቀብቶ አስነሣትና «እማማ፣ ደወሉ ስድስት ቁጥር ይስታል፣ ላስተካክልልዎት?» አለኝ።

«አትንካው። ጤነኛ ነው።»

«እሺ፣ በቃ። ዋጋዋ ግን… ማለቴ እውነቱን ልንገርዎት፣ እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። ለትዝታ ካልሆነ።»

ቃሉ የጋሽ መኩሪያ ቃል ነበር። ገና እሱን ሳሰላስል ወጣቱ ከጸሎት ጠረጴዛዬ ላይ የኪስ ሰዓቷን አንሥቶ በጥፍሩ ከፈታት፤ ልከለክለው አልደረስኩም። አነጋገሩ ሁሉ ተለወጠ። «እማማ፣ ይሄን ማን ሰጠዎት? ወርቅ እኮ ነው፣ የውስጥ ክዳኑ ሳይቀር። እንዲህ ያለ በእጄ ይዤ አላውቅም።»

«አልተሰጠኝም፤ መያዣ ነው።»

«የምን መያዣ?»

በጣቴ ግድግዳውን አሳየሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እኔ ግን ተቀመጥኩ። ሊሰርቀን ነው ያልነው ሰው፣ ይቺን ወርቅ በእጃችን ትቶ፣ ያቺን የግድግዳዋን ምን ልታደርግለት ይለውጣል? ልቤ ያን ሰዓት ጠራ። ይሁን እንጂ የጠራው አባቴ በተመኘው መንገድ፣ በእምነት አልነበረም፤ በገማች አፍ፣ በወርቅ ሚዛን ነበር። ያ ሐሳብ እስከ ዛሬ ጸሎቴ መካከል ይገባብኛል።

እመቤት ኡራኤል አጠገብ በአንድ ፎቅ ላይ እንደምትኖር አፈላልጌ ዐወቅሁና፣ እንደ አባቴ ነጭ ለብሼ፣ መሐረቡን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው መታወቂያዬን አገላብጦ አየ። በሩ በሰንሰለቱ እንደተያዘ ጥቂት ተከፈተና አንዲት ሸበቶ ሴት «ማን ልበል?» አለችኝ።

«ጽጌ ነኝ፣ የካዛንቺሱ መርጌታ ልጅ። የአባትሽን ሰዓት ላስረክብሽ ነው።»

መሐረቡን ፈታሁላት። ወርቁን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ከኋላዬ ማን እንዳለ ተመለከተች።

«ከስንት ዘመን በኋላ?» አለች። «ከእናንተ ቤት ለእኛ መልካም ነገር ወጥቶ አያውቅም። ዘንድሮ ደግሞ በወርቅ ስንቱ ተታለለ። ይቅርታ እህቴ፣ ልጆቼን ላማክርና እንደውልልሻለን።»

በሩ ተዘጋ፤ ስልክ ቁጥሬን አልጠየቀችኝም። ባዶ ያልሆነ እጄን ዘርግቼ በተዘጋው በር ፊት ስቆም፣ ጋሽ መኩሪያ በእኛ ቤት እጃቸው አየር ላይ የቀረበት ያ እሑድ ምን ያህል ረጅም እንደነበር ተረዳሁ።

ያን ጊዜ ጥርጣሬ እንኳ ደጅ አልፎ ይገባ ነበር፤ ወንበር ይሳብለት፣ ሻይ ይቀርብለት ነበር፤ ሽማግሌ ነበረው፣ ድንጋይ ነበረው፣ መያዣም ነበረው። ዛሬ በሰንሰለት ስንጥቅ አይቶን በሩን ይዘጋል። ቢሆንም እመቤትን አልፈርድባትም፤ ጭቃ ላይ የቀረውን ስኳር አስታውሳለሁና። መስከረም ሲጠባ ደግሜ እሄዳለሁ። እስከዚያው ግን ጠዋት ጠዋት ከጸሎቴ በኋላ የኪስ ሰዓቷን እሞላታለሁ፤ በግድግዳው ላይ ያለችውም በቀትር ጉሮሮዋን ጠርጋ ስድስቷን ትመታለች። የእመቤት ልብ እስኪጠራ ድረስ መያዣዋ ትቀመጥ።